የድንች አጠውልግ ባክቴሪያ፤ ስሙና የትውልድ ሐረጉ እንዴት እንደ ታወቀ

የጠወለገ የድንች ግንድ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በስለታም ቢላዋ ተቆርጦ በንጹሕ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሲንጠለጠል፣ ሕመሙ የባክቴሪያ አጠውልግ ከሆነ፣ ጥቂት ደቂቃዎች ሳያልፉ ከተቆረጠው አፍ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር እየተመዘዘ ወደ ብርጭቆው ግርጌ ይወርዳል። ያ ክር በገዛ ለሐጩ የተያያዘ የባክቴሪያ ጭፍራ ነው። ለዚህ ምርመራ ማይክሮስኮፕም ሆነ ኤሌክትሪክ አያስፈልግም፤ ከማሳ ዳር ቆመው ገበሬውና የእርሻ ባለሙያው እኩል የሚያዩት ምስክር ነው። በውኃ ጥም የጠወለገ ወይም ምች የመታው ድንች ይህን ክር አያወጣም።

ብርጭቆው የሚመልሰው ግን አንዱን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ተክሉን ያጠወለገው ባክቴሪያ መሆኑን ነው። የትኛው ባክቴሪያ ነው? ከየትስ መጣ? ለሚሉት ክሩ መልስ የለውም። ድንች ደግሞ ራሱ ተመልሶ ዘር የሚሆን ሰብል ስለሆነ የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በሽታው ከአፈሩ ነው ከተባለ ማሳውን ለዓመታት ከድንችና ከቲማቲም ማራቅ፣ ከመስኖው ነው ከተባለ ቦዩን መዝጋት፣ ከዘር ድንቹ ነው ከተባለ ግን ዘሩን ያባዛውንና ያከፋፈለውን ወገን መጠየቅ ይከተላል። ገበሬው የሚያጣው ሰብል በሦስቱም መንገድ ያው ነው፤ የሚወሰደው እርምጃ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ይህን ለመለየት የሚያስችለው ዕውቀት እስኪገኝ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በዚያ ዘመን ውስጥም ባክቴሪያው ስሙን ደጋግሞ ለውጧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ በጽሑፍ የሚጀምረው በ1896 ነው። በዚያ ዓመት በአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ኧርዊን ፍሪንክ ስሚዝ በቲማቲም፣ በደበርጃንና በድንች ላይ ስለሚደርስ አንድ የባክቴሪያ በሽታ የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተሙ። ስሚዝ ባክቴሪያውን ከታመመ ተክል ለይተው ለብቻው አሳደጉት፤ ከዚያም በመርፌ ጫፍ ወደ ጤነኛ ተክል አስገቡት፤ ተክሉ በጠወለገም ጊዜ ያንኑ ባክቴሪያ መልሰው ከውስጡ አወጡት። ይህ ሮበርት ኮኽ በሰውና በእንስሳት በሽታዎች ጥናት ያስለመዱት ሥርዓት ነበር። ስሚዝ ለባክቴሪያው የሰጡት ስም ባሲለስ ሶላናሲያረም የሚል ሲሆን፣ የኋለኛው ቃል ድንች፣ ቲማቲም፣ ደበርጃንና በርበሬ የሚገኙበትን የሶላናሲያ ቤተሰብ ያመለክታል። የፊተኛው ቃል በየጊዜው ሲፈርስና ሲሠራ የኋለኛው እስከ ዛሬ ሳይነካ ቆይቷል።

ስሙን ከማውጣት ይልቅ በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ ማሳመን ይከብድ ነበር። በዚያው በአሜሪካ የኢሊኖይው ቶማስ በሪል የሸክኒትን ዛፍ የሚያቃጥለው በሽታ የባክቴሪያ ሥራ መሆኑን አስቀድመው ገልጸው ነበር። በአውሮፓ ግን ብዙዎች አልተቀበሉትም። ከተቃዋሚዎቹ ሁሉ የጎላ ድምፅ የነበራቸው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ አልፍሬድ ፊሸር ሲሆኑ፣ ክርክራቸውም የሚናቅ አልነበረም። የተክል ሕዋስ በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ነው፤ ባክቴሪያ ይህን አጥር ጥሶ ሊገባ አይችልም፤ በታመመ ተክል ውስጥ የሚታየውም ባክቴሪያ ተክሉ በሌላ ምክንያት ከሞተ በኋላ ሬሳውን ሊበላ የመጣ ነው የሚል ነበር። ስሚዝ በ1899 እና በ1901 በጀርመን አገር በሚታተም የባክቴሪያ ጥናት መጽሔት ላይ ጠንከር ያለ መልስ ሰጡ፤ ባክቴሪያዎቹ ገና በሕይወት ያለውን ተክል የውኃ ቧንቧዎች ሞልተው የሚያሳዩ ሥዕሎችንና ፎቶግራፎችንም አቀረቡ።

በዚህ ክርክር ስሚዝ ማሸነፋቸው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ለፊሸርም አንድ ውለታ ሊቆጠርላቸው ይገባል። ጥርጣሬያቸው ባይኖር ኖሮ ከታመመ ተክል ባክቴሪያ ማግኘት ብቻውን እንደ በቂ ማስረጃ ሳይቆጠር አይቀርም ነበር። በመርፌ ወግቶ ማሳመም፣ ከታመመውም መልሶ ማውጣት የዕፀዋት ባክቴሪያ ጥናት ሁሉ ሥርዓት ሆኖ የቀረው ከዚያ ሙግት በኋላ ነው። ይህ መርፌ በታሪኩ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ስሚዝ በ1914 ባክቴሪያውን ሱዶሞናስ ወደሚባለው ወገን አዛወሩት፤ በዚያም ስም ለሰባ ስምንት ዓመታት ኖረ። ሱዶሞናስ በዚያ ዘመን የማያልቅ ጎተራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዘንግ የሚመስል፣ በጫፉ ላይ ባለ ጅራፍ የሚዋኝ፣ ግራም በሚባለው ቀለም ቀይ የሚሆን ባክቴሪያ ሁሉ፣ የአፈሩም የውኃውም የቁስሉም፣ ወደዚያ ይጨመር ነበር። መልክን አይቶ ዘመድ ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት የታወቀው ቆይቶ ነው።

በመካከሉ ሁለት ትላልቅ እርምጃዎች ተወስደዋል። አንደኛው የአርተር ኬልማን ነው። በሰሜን ካሮላይና ይሠሩ የነበሩት ኬልማን በ1953 እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለዚህ በሽታ የታወቀውን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ ሰበሰቡ፤ በ1954 ደግሞ ቴትራዞሊየም ክሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር የተጨመረበትን ማሳደጊያ አቀረቡ። በዚህ ማሳደጊያ ላይ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ መሐሉ ሮዝ የሆነ፣ ዙሪያው ነጭ፣ ቅርጹም ያልተስተካከለ ፈሳሽ መንጋ ሆኖ ያድጋል፤ በላቦራቶሪ ውስጥ ሰንብቶ ኃይሉን ያጣው ደግሞ ትንሽ፣ ክብና ደማቅ ቀይ ይሆናል። ባለሙያው በዓይኑ ብቻ ገዳዩን ከደካማው መለየት ቻለ። ርካሽና ቀላል በመሆኑ ዘዴው ዛሬም በየላቦራቶሪው ይሠራበታል።

ሁለተኛው እርምጃ ባክቴሪያውን በውስጡ መከፋፈል ነበር። በ1962 ቡደንሃገን፣ ሴኬይራና ኬልማን የሚያጠቃቸውን ተክሎች መሠረት አድርገው በሦስት ሬሶች መደቡት። ሬስ 1 ቲማቲምንና ትምባሆን ጨምሮ ብዙ ዓይነት ተክሎችን የሚያጠቃ፣ ሬስ 2 የሙዝ፣ ሬስ 3 በተለይ የድንች ሆነ። በ1964 ሄይዋርድ በሌላ መንገድ ሄዱ፤ ባክቴሪያው ምን እንደሚበላ ጠየቁ። ማልቶስ፣ ላክቶስና ሴሎቢዮስ የተባሉትን ስኳሮች፣ እንዲሁም ማኒቶል፣ ሶርቢቶልና ዱልሲቶል የተባሉትን አልኮሎች አቅርበው የተመገበውንና የተወውን በመመዝገብ ባዮቫር የተባሉትን ክፍሎች አወጡ። ሦስቱን ስኳሮች የሚጠቀመውና ሦስቱን አልኮሎች የማይነካው ባዮቫር 2 ተባለ። በደጋ አገር ድንች ላይ የሚገኘው ባክቴሪያ በሁለቱም አመዳደብ ሲጠራ «ሬስ 3 ባዮቫር 2» የሚል ረጅም መጠሪያ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሬስ የሚለውን ቃል በአማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሁሉ አንድ ችግር ይገጥመዋል። የሚቀርበው ቃል «ዘር» ነው፤ ሆኖም ድንቹም ዘር ይባላል። «ዘር 3 በዘር ይተላለፋል» ብሎ ለገበሬ ማስረዳት ግራ ከማጋባት በቀር ጥቅም የለውም። በቋንቋ ረገድ ግን ግጥጥሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በአማርኛ ዘር የሚዘራውም ነው፣ ትውልድን የሚያያይዘውም ነው። የዚህ ባክቴሪያ ታሪክም ከሁለቱ ትርጉሞች አይወጣም።

የሬሱና የባዮቫሩ አመዳደብ ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል ብዙ ቢያገለግልም ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ አንድ ባክቴሪያ የሚያጠቃቸውን ተክሎች ሁሉ ለመፈተን ወራት የሚፈጅ የግሪንሃውስ ሥራ ያስፈልጋል፤ ውጤቱም በሙቀትና በተክሉ ዕድሜ ይለዋወጣል። ሁለተኛውና ዋነኛው ግን፣ ሁለት ባክቴሪያዎች አንድ ዓይነት ስኳር መብላታቸው ወንድማማች ናቸው ለማለት አያበቃም። በሌላ አነጋገር፣ ያ አመዳደብ የባክቴሪያውን ጠባይ እንጂ የትውልድ ሐረጉን አይናገርም ነበር።

የትውልድ ሐረጉን ሊናገር የሚችለው ዲ.ኤን.ኤ. ብቻ ነው። የዚህን ሥራ ምሥጢር ለመረዳት ቁም ጸሐፊዎቻችን የብራና መጻሕፍት እንዴት ይገለብጡ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። አንድ ጸሐፊ ሲገለብጥ አንድ ፊደል ቢስት፣ ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጠው ስሕተቱንም አብሮ ይወርሳል። ከብዙ ዘመን በኋላ በሁለት ገዳማት የተገኙ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ግድፈት ካላቸው ከአንድ ቅጂ መውረዳቸው ይታወቃል፤ ግድፈቶቹ በበዙና በተለያዩ መጠንም ዝምድናቸው የራቀ ነው። ባክቴሪያ በተከፈለ ቁጥር ዲ.ኤን.ኤ.ውን ይገለብጣል፤ በየመካከሉም ይስታል። የዘረ መል ምርመራ ማለት እነዚህን ግድፈቶች አንብቦ ማን ከማን እንደ ተገለበጠ ማወቅ ነው።

ንባቡ የተጀመረው ከታላቁ ጎተራ ነው። በ1973 በካሊፎርኒያ ፓሌሮኒና የሥራ ጓዶቻቸው የሱዶሞናስን አባሎች ርቦሶማዊ አር.ኤን.ኤ. ከዲ.ኤን.ኤ. ጋር እያዛመዱ ሲመረምሩ፣ አንድ ወገን ይመስል የነበረው በአምስት የተለያዩ ወገኖች ተከፈለ። የድንቹ ባክቴሪያ በሁለተኛው ውስጥ ወደቀ፤ ከዋነኞቹ ሱዶሞናሶች ጋር ያለውም ዝምድና እጅግ የራቀ ሆኖ ተገኘ። ስሙን ለመለወጥ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ወሰደ። በ1992 ጃፓናዊቷ የባክቴሪያ ሊቅ ኤይኮ ያቡኡቺና ባልደረቦቻቸው ቡርክሆልደሪያ የሚባል ወገን መሥርተው ወደዚያ አዛወሩት፤ በ1995 ደግሞ እዚያም ቦታው እንዳልሆነ ተረድተው ራልስቶኒያ የሚባል ሌላ ወገን መሠረቱ። ስሙ የተወሰደው በ1973 የአንዱን ዘመዱን መግለጫ ከጻፉት አሜሪካዊት ባለሙያ ከኤሪካ ራልስተን ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስም መለወጡ በየአገሩ ያሉ የኳራንቲን ሹሞችን ሳያበሳጭ አልቀረም፤ ሕግና ደንብ የሚጻፈው በስም ነውና። ሆኖም ለውጡ ከከንቱ ፉክክር የመጣ አልነበረም።

ለድንች አብቃዩ ይበልጥ የሚጠቅመው ግኝት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1989 ኩክ፣ ባርሎውና ሴኬይራ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የባክቴሪያውን ዲ.ኤን.ኤ. ልዩ በሆኑ ኤንዛይሞች እየቆራረጡ የቁርጥራጮቹን ርዝመት አነጻጸሩ። ባክቴሪያው በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ተለየ፤ ባዮቫር 3 እና 4 በአንድ በኩል፣ ባዮቫር 1 እና 2 በሌላ በኩል ሆኑ። አከፋፈሉ ከመልክዓ ምድር ጋር ገጠመ፤ የመጀመሪያው በእስያ፣ ሁለተኛው በአሜሪካ አህጉር የተወለደ መሰለ። ከሁሉም የሚደንቀው የሬስ 3 ነገር ነው። ሬስ 1 እጅግ የተለያዩ ባክቴሪያዎች ስብስብ ሆኖ ሲገኝ፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡት የሬስ 3 ባክቴሪያዎች ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበሩ። በውቅያኖስ የተራራቁ አገሮች አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ካላቸው የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፤ አጓጓዥ አለ። አጓጓዡ ማን እንደ ሆነ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም።

ባክቴሪያው በድንች ውስጥ ተደብቆ መጓዙ አስቀድሞ የተጠረጠረ ነገር ነበር። ይህ ዝርያ ከዘመዶቹ ይልቅ ቅዝቃዜን ይችላል፤ በደጋ መሬት ላይ በተክሉ ውስጥ ይኖራል፣ ተክሉ ግን አይጠወልግም። ድንቹ ሲቆፈር መልኩ ያማረ፣ ዓይኑ ጤነኛ፣ ሲቆረጥም ውስጡ ነጭ ሊሆን ይችላል። ይኸው ድንች ሞቅ ወዳለ ቆላማ ቦታ ለዘር ወርዶ ሲተከል ማሳው አበባ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ደጋው ለዘር ድንች ማባዣ የሚመረጠው ከቫይረስና ቫይረስን ከሚያስተላልፉ ተባዮች የጸዳ በመሆኑ ነው። ለቫይረስ የሚያገለግለው ይህ ዘዴ ለአጠውልጉ ባክቴሪያ መሸሸጊያ ሆኖ መገኘቱ በድንች ልማት ታሪክ ውስጥ ከታዩት መራር ነገሮች አንዱ ነው። ዓይን የማያየውን መልእክተኛ ለመያዝ ታዲያ ከዓይን የሚበልጥ መሣሪያ ያስፈልግ ነበር።

መሣሪያው ኬሪ ሙሊስ በ1983 ያሰቡት ፒ.ሲ.አር. የተባለው ዘዴ ሆነ። ከአንድ ድንች የወጣ ጥቂት ጭማቂ ውስጥ አንድ የተወሰነ የዲ.ኤን.ኤ. ቁራጭ ካለ፣ ዘዴው ያንኑ ቁራጭ እየደጋገመ ያባዛና ለዓይን ወይም ለመሣሪያ እስኪታይ ያደርሰዋል፤ ከሌለም ምንም አያባዛም። በ1993 ሲልና ባልደረቦቻቸው 16ኤስ የተባለውን የርቦሶም ዘረ መል አንብበው ለዚህ ባክቴሪያ የሚሆን መፈለጊያ አወጡ። በ2005 ፌጋንና ፕሪዮር እስከ ዛሬ የሚሠራበትን አመዳደብ አቀረቡ። በአንድ የፒ.ሲ.አር. ምርመራ ባክቴሪያው ከአራት ፋይሎታይፖች በአንዱ ይመደባል፤ አንደኛው የእስያ፣ ሁለተኛው የአሜሪካ፣ ሦስተኛው የአፍሪካና የአካባቢው ደሴቶች፣ አራተኛው የኢንዶኔዢያና የአካባቢዋ ነው። ከዚያ በታች አንድ ዘረ መል ተነብቦ ሴክቬቫር የተባለው ንዑስ ክፍል ይታወቃል። የድሮው ሬስ 3 ባዮቫር 2 በዚህ አጠራር «ፋይሎታይፕ ሁለት ለ፣ ሴክቬቫር 1» ሆነ። በ2002 ደግሞ በፈረንሳይ ጉያና ከቲማቲም የተገኘው የአንደኛው ፋይሎታይፕ ባክቴሪያ ሙሉ የዲ.ኤን.ኤ. ንባብ ታተመ፤ 5.8 ሚሊዮን ፊደላት ያሉት፣ በአንድ ክሮሞሶምና በአንድ ግዙፍ ፕላዝሚድ የተከፈለ ነበር። በ2014 ሳፍኒና ባልደረቦቻቸው በዚህ ሁሉ ማስረጃ ላይ ተመሥርተው አንድ ይባል የነበረውን ባክቴሪያ በሦስት ዝርያዎች ከፈሉት፤ ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የሚለውም ስም ለሁለተኛው ፋይሎታይፕ ብቻ ቀረ።

ይህ ሁሉ በላቦራቶሪ ግድግዳ ውስጥ የቀረ ጉዳይ አልነበረም። በአውሮፓ በ1970ዎቹ በስዊድን የታየው በሽታ የድንች ፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባበት ወንዝ ዳር በበቀለ የዱር ሐረግ ሥር ውስጥ ተጠግቶ ተገኘ፤ ሐረጉ የድንች ዘመድ ስለሆነ ባክቴሪያውን ከዓመት ዓመት እያሳደረ ወደ ውኃው ይለቅ ነበር። ገበሬው የገዛው ዘር ንጹሕ ቢሆንም የሚያጠጣው ውኃ ያጠቃው ነበር ማለት ነው። በ1995 በዘር ድንች ንግዷ በታወቀችው በኔዘርላንድ ወረርሽኝ ተነሣ፤ በ1998 የአውሮፓ ኅብረት በሽታውን ለመቆጣጠር የሚያስገድድ መመሪያ አወጣ።

በአሜሪካ የሆነው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። በ2002 በወጣው ሕግ ሬስ 3 ባዮቫር 2 ለሽብር ተግባር ሊውሉ ይችላሉ ከተባሉት የዕፀዋት ጠላቶች ጋር ተመዘገበ። በማግስቱ ዓመት፣ በ2003፣ ከኬንያ በመጡ የጄራኒየም አበባ ቁርጥራጮች ውስጥ ይኸው ባክቴሪያ በአሜሪካ ግሪንሃውሶች ተገኘ። አበባው ከድንች ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የዘረ መል ምርመራው ግን ባክቴሪያው የድንቹ ገዳይ ራሱ መሆኑን መሰከረ። ብዙ ግሪንሃውሶች ተዘጉ፣ እጅግ ብዙ አበባም ተቃጠለ። «ይህ ሬስ 3 ባዮቫር 2 ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ነጋዴን የሚያከስር የሕግ ጥያቄ ሆነ፤ ሕጉ የተጻፈበት ስም ግን በ1962 እና በ1964 በግሪንሃውስና በስኳር ምርመራ የተሰጠ ነበር። መርማሪዎቹ በዘረ መል ያገኙትን በአሮጌው ስም መልሰው መጻፍ ግድ ሆነባቸው። በ2020 ተመሳሳይ ነገር ከጓቲማላ በመጣ ጄራኒየም ሲደገም መንግሥቱ ፈጥኖ ሊከታተለው የቻለው ካለፈው ስለተማረ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 ገደማ በጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ በቪልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደ ሆነ ይነገራል። የባክቴሪያ አጠውልግ በጽሑፍ የተመዘገበው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1956፣ ስቲዋርት በከፋ ጠቅላይ ግዛት ስለሚገኙ የዕፀዋት በሽታዎች ባወጡት ጽሑፍ ነው። እኒሁ ስቲዋርት ከዳኛቸው ይርጉ ጋር በ1967 የኢትዮጵያን የዕፀዋት በሽታዎች ማውጫ አዘጋጁ። ዳኛቸው ይርጉ በማግስቱ ዓመት ከብራድበሪ ጋር የእንሰት አጠውልግን ባክቴሪያ ለይተው ዛንቶሞናስ ሙሳሲያረም ብለው መሰየማቸው ለማኅበሩ አባላት አዲስ ነገር አይደለም። የዚያም ባክቴሪያ ዕጣ ከድንቹ የተለየ አልሆነም፤ ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ዝርያ ተጠቃሎ፣ በ2020 በሙሉ የዘረ መል ንባብ መሠረት ከዛንቶሞናስ ቫሲኮላ ጋር ተመደበ። ሙሳሲያረም የሚለው ቃል ግን እንደ ሶላናሲያረም ሁሉ ሳይጠፋ ከስሙ ጋር አለ።

በኢትዮጵያ የድንቹን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ የመለየት ሥራ በ2007 ፍቅሬ ለሜሳና ሴለር ባሳተሙት ጥናት ጎልቶ ወጣ፤ ከድንችና ከዘመዶቹ ሰብሎች የተሰበሰቡት ባክቴሪያዎች ባዮቫር 1 እና ባዮቫር 2 ሆነው ተገኙ። አሥር ዓመት ቆይቶ በ2017 አብዱራህማንና ባልደረቦቻቸው የዘረ መል ምርመራን በመጠቀም ከድንች የተሰበሰቡት የኢትዮጵያ ባክቴሪያዎች በፋይሎታይፕ ሁለት ለ፣ በሴክቬቫር 1 ውስጥ የሚውሉ መሆናቸውን አሳዩ። የዚህ ትርጉም ቀላል አይደለም። አፍሪካ የራሷ፣ ማለትም ሦስተኛው ፋይሎታይፕ አላት፤ በድንቻችን ላይ የተገኘው ግን የአፍሪካው ሳይሆን እንደ ድንቹ ሁሉ መነሻው በአሜሪካ አህጉር፣ ምናልባትም በአንዲስ ተራሮች የሆነው ነው። ስለዚህ በሽታው ከጥንት ጀምሮ በአፈራችን የኖረ ነው የሚለው ማመካኛ በድንቹ ረገድ ብዙም አይቆምም።

ጥናቱ በዚህ አላበቃም። ባክቴሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ሴክቬቫር ውስጥ ከሆኑ ከየት ወደ የት እንደ ተጓዙ በዚያ ስም ብቻ አይታወቅም። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ በዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ እየተደጋገሙ የሚጻፉ አጫጭር ቃላትን ቆጠሩ። በብራናው ምሳሌ ለመናገር፣ አንዱ ጸሐፊ ሳያውቅ አንድ ቃል ሦስት ጊዜ፣ ሌላው አምስት ጊዜ ቢጽፍ፣ የተከታዮቻቸው ቅጂዎች በዚያ ቁጥር ይለያሉ። እንዲህ ያለው ድግግሞሽ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በቅርብ ዓመታት የተለያዩ ወንድማማቾችን ሳይቀር ይለያል። በዚህ መንገድ በዘር ድንች ላይ የተነሣውን ወረርሽኝ ሊሆን ከሚችለው ምንጩ ጋር ለማያያዝ ተሞከረ። በብርጭቆው ፊት ቆሞ «ከየት መጣ?» ብሎ ለሚጠይቅ ገበሬ ከስኳርና ከአልኮል ምርመራ ሊገኝ የማይችል መልስ ይኸኛው ነው።

ዘዴው እንከን የለሽ አይደለም። ፒ.ሲ.አር. የሞተ ባክቴሪያን ዲ.ኤን.ኤ. ከሕያው አይለይም፤ በሽታ ሊያመጣ የማይችል ቅሪት ያለበትን ድንች በሽተኛ ሊያስብል ይችላል። ለዚህም ሲባል እስከ 2022 ይሠራበት የነበረው የአውሮፓው መመሪያ በፒ.ሲ.አር. የተያዘ ናሙና ብቻውን እንዲፈረድበት አይፈቅድም ነበር። ባክቴሪያው በማሳደጊያ ላይ በሕይወት ተለይቶ መውጣት፣ ከዚያም በመርፌ ወደ ቲማቲም ችግኝ ገብቶ ማጠውለግ ነበረበት። ስሚዝ ከ1896 ጀምሮ የያዙት መርፌና ቲማቲም፣ ከዘረ መሉ ንባብ ጎን ዛሬም የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖሩ ናቸው። ፊሸር ቢሰሙ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

በዚያው መመሪያ መሠረት ለምርመራ ይወሰድ የነበረው ናሙና 200 ድንች ነበር። ከእያንዳንዱ ድንች ከእናቱ ሥር ጋር ተያይዞ ከነበረበት ጫፍ ትንሽ ቁራጭ ይወጣል፤ ባክቴሪያው ወደ ድንቹ የሚገባው በዚያ በኩል ነውና። ቁርጥራጮቹ ተጨምቀው ይመረመራሉ። በአገራችን ግን ከሚተከለው የዘር ድንች አብዛኛው ይህን በር አያልፍም፤ ገበሬው ካለፈው ምርቱ ይመርጣል፣ ወይም ከጎረቤቱ ይለውጣል፣ አለዚያም ከገበያ ይገዛል። ለዘር የሚቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለምግብና ለሽያጭ ያልሆነው ትንንሹ ድንች ነው፤ ከታመመ ተክል ሥር የሚገኘውም ትንንሽ ድንች መሆኑ አይቀርም። ናሙናው ላቦራቶሪ ከደረሰ በኋላ የፒ.ሲ.አር. ሥራ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የዘር ድንቹ ጆንያ ግን በገበያ ቀን ጧት ተገዝቶ፣ ዝናቡ ከጣለ በማግሥቱ መሬት ይገባል።